ባል ቦርድ ላይ፣ ሚስት ቢሮ ውስጥ

የመጣው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«የአንድ አነስተኛ በጎ አድራጎት ድርጅት የቦርድ ጸሐፊ ነኝ። ቦርዱ ሰባት አባላት አሉት፤ ደመወዝተኛው ሠራተኛ ዘጠኝ ነው። ከአራት ወር በፊት አንድ የሂሳብ ባለሙያ ቦርዱን ተቀላቀለ፤ ገንዘብ ያዥም አደረግነው። ባለቤቱ ከእሱ በፊት ጀምሮ የድርጅቱ የፕሮግራም ኃላፊ ናት። ሁለቱም የተመሰገኑ ሰዎች ናቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ የደመወዝ ማስተካከያ ይቀርባል። እሱ ‹የእሷ ጉዳይ ሲነሳ እወጣለሁ› ብሏል። ሊቀመንበራችን ‹በሰው ትዳር አንገባም፤ ከወጣ ሌላ ምን ቀረ?› ይላሉ። እኔን ግን የሆነ ነገር ይከነክነኛል። ምን እንደሆነ በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። ነገሩ ክልክል ነው? መውጣቱስ ይበቃል? የጥቅም ግጭት ፖሊሲ የሚባል ነገር የለንም፤ ከየት እንጀምር?»

መጀመሪያ ቀላሉን ልመልስ። ባል የቦርድ አባል፣ ሚስት ሠራተኛ መሆናቸው በብዙ ቦታ በራሱ ክልክል አይደለም። የጥቅም ግጭት አለ ማለትም አንድ ሰው ሰርቋል ማለት አይደለም። ይህን ለሊቀመንበርዎ ደጋግመው ይንገሯቸው፤ ብዙ ቦርድ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። «የጥቅም ግጭት» የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ ክስ ይመስለዋል። ክስ አይደለም። አቀማመጥ ነው። አንድ ሰው ሁለት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንዱ ወንበር «ድርጅቱን አስቀድም» ይለዋል፤ ሌላው «ቤትህን»። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ አንዱ ወንበር አይጠፋም። ጨዋነቱ የሚጠቅመው ነገሩን ቶሎ እንዲናገር ነው፤ እሱም ተናግሯል። ለዚህ ሊመሰገን ይገባል።

አሁን ወደሚከነክንዎት ነገር። «እወጣለሁ» ጥሩ መልስ ነው፤ የሚመልሰው ግን ትንሹን ጥያቄ ነው። ከክፍል መውጣት ለአንድ ውሳኔ ይሠራል። የእናንተ ችግር ደግሞ ሰንሰለት ነው። ወረቀት ያምጡና ይሳሉት። የፕሮግራም ኃላፊዋ ተጠሪነቷ ለማን ነው? ለሥራ አስኪያጁ። ሥራ አስኪያጁስ? ለቦርዱ። ቦርዱ ላይ ማን አለ? ባሏ። ለሚስትየዋ አለቃ፣ አለቃው ባልየው ነው ማለት ነው። ባልየው አንዲት ቃል ባይናገር፣ አንድም ድምፅ ባይሰጥ፣ ሥራ አስኪያጁ ይህን ያውቀዋል። ሪፖርቷ ዘግይቶ ሲመጣ ያውቀዋል። ፈቃድ ስትጠይቅ ያውቀዋል። እሷና ሌላ ሠራተኛ ሲጋጩ ያውቀዋል። በእነዚህ ሰዓታት ሁሉ ባልየው የሚወጣበት ክፍል የለም።

አንድ ጊዜ የአንድ ድርጅትን አስተዳደር እንድገመግም ተጠርቼ የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ አነበብኩ። ሁኔታው የእናንተን ይመስላል፤ እዚያ ግን ቦርድ ላይ ያለችው ሚስት፣ ሠራተኛው ባል ነበር። ቃለ ጉባኤው እንከን አይወጣለትም። በየቦታው «ከስብሰባው ክፍል ወጥተዋል» ይላል። የወጡበትና የተመለሱበት ሰዓት ሳይቀር ተመዝግቧል። ደስ ብሎኝ ወደ ሠራተኞች ማህደር ዞርኩ። የሌሎቹ ማህደር ውስጥ በየዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ አለ፤ አንዳንዱ ጋ ማስጠንቀቂያም አለ። የባልየው ማህደር ውስጥ ያገኘሁት የቅጥር ደብዳቤና ሁለት የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ ነው። ሌላ ምንም የለም። ሥራ አስኪያጇን ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። «ጥሩ ነው ብል ለሚስቱ አጎበደደች ይሉኛል። ድክመቱን ብጽፍ ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ የእኔን ግምገማ ከሚሞሉት አንዷ ሚስቱ ናት።»

ተንኮል የለም። ማንም ማንንም አላስፈራራም። ግን ሥራ አስኪያጇ ከሠራተኞቿ አንዱን ለሦስት ዓመት አላስተዳደረችውም። የሰውየውም ጉዳት ቀላል አይደለም። ሥራህ እዚህ ጋ ጥሩ ነው፣ እዚህ ጋ ይቀረዋል ያለው ሰው የለም።

ሌላው ወሬ ነው። ወሬ ስል ሐሜት ማለቴ አይደለም። ለቦርድ አባላት ከስብሰባው በፊት የሚላከውን ጥራዝ ያስቡት። የሁሉም ሠራተኛ ደመወዝ አለበት። የሥራ አስኪያጁ ድክመት አለበት። ምናልባት በጀት ከጠበበ የትኛው ክፍል ይታጠፋል የሚል ሐሳብም አለበት። ይህ ሰነድ ሚስትየዋ ያለችበት ቤት ይገባል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እኔ ግን እነዚህ ሁለቱ ምንም ተነጋግረው አያውቁም ብዬ ላስብ። ባልደረቦቿ ግን እንደዚያ አያስቡም። እሷ ስትገባ ጨዋታ ይቆማል። በተቃራኒው ደግሞ ቦርዱ ውስጥ ሰውየው ስለ ቢሮው አንድ ነገር ሲናገር «ከየት ሰማህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ሲያቀርብ አንድ የቦርድ አባል ሌላ ሪፖርት እራት ላይ ሰምቶ መጥቷል።

ቅሬታስ? አንድ ሠራተኛ በፕሮግራም ኃላፊዋ ላይ ቅሬታ ቢኖረው መጨረሻ የሚሄደው ወደ ቦርዱ ነው። ቦርዱ ላይ ማን እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ አይሄድም። ቅሬታ አልመጣም ብላችሁ ሰላም ያለ ይመስላችኋል።

እንዲህ ዓይነቱ ስጋት የእኔ ፈጠራ እንዳይመስልዎት ሌሎች እንዴት እንዳዩት ልጥቀስ። ብዙ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለግብር መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚሞሉት ቅጽ 990 የሚባል ሪፖርት አለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የቦርድ አባላት፣ ኃላፊዎችና ቁልፍ ሠራተኞች እርስ በርስ በቤተሰብ ወይም በንግድ ይገናኙ እንደሆነ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን «ገለልተኛ» የሚለውን የቦርድ አባል የሚለካበት መንገድ ነው። የአንድ አባል የትዳር ጓደኛ ከድርጅቱ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ደመወዝ ካገኘች፣ አባሉ በዚያ ቅጽ ላይ ገለልተኛ ተብሎ አይቆጠርም። ልብ ይበሉ፤ ወጣ ወይስ ተቀመጠ፣ ድምፅ ሰጠ ወይስ አልሰጠ ብሎ አይጠይቅም። ግንኙነቱ ብቻ በቂ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ ቁጥር አስቀምጣለች፦ ባለፉት 12 ወራት ለሥራቸው ከድርጅቱ የተከፈላቸው ሰዎችና የቅርብ ቤተሰቦቻቸው ተደምረው ከበጎ አድራጎት ድርጅቱ ቦርድ ከ49 በመቶ መብለጥ አይችሉም። የትዳር ጓደኛ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል።

ከመጠን ያለፈ ክፍያ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ድምፅ ያለውን የቦርድ አባል ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛውንም ተጽዕኖ እንዳለው ሰው ይቆጥራል። ሚስትየዋ ከሥራዋ ዋጋ በላይ ከተከፈላት፣ ከልክ በላይ በሆነው ክፍያ ላይ 25 በመቶ ቅጣት መሰል ግብር ትከፍላለች፤ ካልተስተካከለ 200 በመቶ ይደርሳል። እያወቁ ያጸደቁት የቦርድ አባላትም 10 በመቶ ይጠየቃሉ፤ ይህኛው ጣሪያ አለው። በእንግሊዝና ዌልስ በኩል ደግሞ ባልና ሚስት ኪሳቸው የተያያዘ ከሆነ፣ ለሚስት የተከፈለ ደመወዝ ለቦርድ አባሉ ለራሱ እንደደረሰ ጥቅም ሊታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የበጎ አድራጎት ሕጋቸው ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩትንም እንደ ባለትዳር ነው የሚያያቸው። ሕግ የየሀገሩ ነውና የራሳችሁን ያንብቡ። መተዳደሪያ ደንባችሁንም፣ ከለጋሾች ጋር የፈረማችሁትን ስምምነትም ያንብቡ። ከልምዴ፣ ከሕጉ ይልቅ ጠበቅ የሚለው የለጋሹ ስምምነት ነው፤ የሚያነበው ግን ብዙም የለም።

ታዲያ ሰውየው ቦርዱ ላይ ይቆይ ወይስ ይሂድ? እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። አጥሩን ሠርቶ ውስጡ የቀረውን መቁጠር።

እንሥራው። ከሚስቱ ደመወዝ ይወጣል። ግን የደመወዝ እርከን ሲስተካከል ሁሉም አብሮ ይነሳል፤ ስለዚህ ከሁሉም ሠራተኛ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ይወጣል። ከሥራ አስኪያጁ ቅጥር፣ ግምገማ፣ ደመወዝና ስንብት ይወጣል፤ ሰንሰለቱ እዚያ ነው ያለው። ከሠራተኞች ቅሬታ ይወጣል። ከፕሮግራሙ በጀት ይወጣል፤ የእሷ ክፍል ነው። አሁን ደግሞ ገንዘብ ያዥ መሆኑን ያስታውሱ። የፕሮግራሙን ወጪ የምትጠይቀው ሚስት፣ ቼኩን የሚፈርመው ባል። ጠያቂ፣ አጽዳቂ፣ ከፋይና መዝገቡን ከባንክ ሂሳብ ጋር አስታራቂ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ የሚለው የሂሳብ ሀሁ ነው፤ እሱ ራሱ ሌላ ቦታ ሄዶ ኦዲት ቢያደርግ መጀመሪያ የሚጽፈው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከቼክ ፊርማም፣ ከፔሮልም (ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ)፣ ከወርሃዊ የባንክ ማስታረቅም ይወጣል።

ምን ቀረ? የጽሕፈት ዕቃ ግዢና የቢሮ ኪራይ። ለዚህ ደግሞ የሂሳብ ባለሙያ አላመጣችሁም።

ስለዚህ የእኔ መልስ፦ ገንዘብ ያዥነቱን አሁኑኑ፣ ከደመወዙ ስብሰባ በፊት ያስረክብ። የቦርድ አባልነቱንም ቢተው ይሻላል። ዘጠኝ ሠራተኛና ሰባት የቦርድ አባል ባለበት ቤት ርቀት የሚባል ነገር የለም። ሌላ ቤት ቢሆን ሌላ እል ነበር። ሁለት መቶ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ቢሆን፣ ሚስትየዋ ከሥራ አስኪያጁ ሦስት እርከን ዝቅ ብላ ብትሠራ፣ ባልየው አሥራ አምስት ሰው ካለበት ቦርድ ውስጥ የገቢ ማሰባሰብ ኮሚቴ ላይ ቢሆን፣ አጥሩ ውስጥ ብዙ ሥራ ይቀራል፤ ይቆይ እል ነበር። ሚስትየዋ ራሷ ሥራ አስኪያጅ ብትሆን ደግሞ ክርክሩ አጭር ነው፤ ቦርዱ ከሁሉ በፊት ያለበት ሥራ እሷን መቆጣጠር ነውና ባሏ እዚያ መቀመጥ የለበትም።

አንድ ነገር አደራ። መፍትሔ ስትፈልጉ እሷን እንዳትነኩ። «አንዳችሁ ልቀቁ» የሚል ሐሳብ ቦርድ ውስጥ ሲነሳ ሰምቻለሁ፤ ሁሌም ያናድደኛል። እሷ ቀድማ ነበረች። እንጀራዋ ነው። እሱ በፈቃደኝነት የገባ ነው። ግጭቱን ያመጣው የእሱ መግባት ነው፤ እንዲያውም ሲጋበዝ ያልጠየቃችሁት እናንተ ናችሁ።

ነገሩን ለሰውየው ማን ይንገረው? ሊቀመንበሩ፤ ለብቻ፤ ፊት ለፊት። ስብሰባ ላይ መዘርገፍ ማዋረድ ነው። ከባዱ ነገር ሕጉ አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። ሰባት ሰው የሚያስበውን አንድ ሰው አይናገረውም። ሊቀመንበሩ «በሰው ትዳር አንገባም» ያሉትም በይሉኝታ ይመስለኛል። ትዳሩ ውስጥ እኮ ማንም አልገባም፤ ትዳሩ ነው ቦርዱ ውስጥ የገባው። ለሰውየው «እናምንሃለን፣ ግን…» ብሎ መጀመር አልወድም፤ «ግን» ካለ በኋላ ማንም የፊተኛውን አይሰማም። የሚሻለው ይህ ነው፦ «ባለቤትህ ነገ ዕድገት ብታገኝ፣ በጉልበቷ ያገኘችው ነው፣ ወይስ ሰው በአንተ ነው እንዲል ትፈልጋለህ?» ይህን ጥያቄ ሰምቶ የተከራከረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እንዲያውም አንዱ «እሷ ከገባሁ ጀምሮ ስትለኝ ነበር» ብሎ በዚያው ቀን ደብዳቤውን ጻፈ። ሙያው እንዳይባክን ከፈለጋችሁ ሌላ በር አለ። ዓመታዊ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ላይ ያግዛችሁ፤ ስለ አዲስ የሂሳብ ሶፍትዌር ምክር ይስጣችሁ። ድምፅም ፊርማም የሌለው ሥራ ሞልቷል። ፋይናንስ ኮሚቴ ውስጥ «ያለ ድምፅ» ይቀመጥ የሚለውን ግን ተዉት፤ ፔሮሉ የሚገላበጠው እዚያ ነው።

እስከዚያ የሚቀጥለው ስብሰባ እየመጣ ነው። ሰውየው ገና አባል ከሆነ እንዲህ አድርጉ። የደመወዙን ክፍል ከሚላክለት ጥራዝ አውጡ፤ ልኮ «አታንብብ» ማለት ቀልድ ነው። ምልዓተ ጉባኤውን አስቀድመው ያስሉ። ከሰባት አራት ሰው ይበቃል እንበል፤ አራት ሰው መጥቶ እሱ ሲወጣ ሦስት ትቀራላችሁ። ደንባችሁ የወጣውን ሰው ይቆጥረዋል ወይስ አይቆጥረውም? ይህን በስብሰባው መሃል ማወቅ አይጥምም። ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ካለ ተጠይቆ ይውጣ፤ ውይይቱ የሚጀምረው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስብሰባው በቪዲዮ ከሆነ ካሜራ ማጥፋት መውጣት አይደለም። ከጥሪው ይሰናበት፤ መልሰው ይደውሉለት። ባለቤቱ ምናልባት ከጎኑ ሶፋው ላይ ናት።

ውሳኔውን ደግሞ በመረጃ ያድርጉት። ተመሳሳይ ድርጅቶች ለተመሳሳይ ሥራ ስንት ይከፍላሉ? የአሜሪካው ሕግ ለአነስተኛ ድርጅቶች የሦስት ተመሳሳይ ድርጅቶችን የክፍያ መረጃ እንደ በቂ ይቀበላል። ጥሩ መለኪያ ነው፤ የትም ብትሆኑ ሦስት ፈልጉ። ጸሐፊ ነዎትና ቃለ ጉባኤው የእርስዎ ነው። «በደመወዝ ጉዳይ ተወያይተን ተስማማን» ብለው አይለፉት። እንዲህ ይጻፉ፦ «አቶ እገሌ ባለቤታቸው የድርጅቱ ሠራተኛ መሆናቸውን አስታውቀው በ10፡15 ወጡ። የደመወዝ ማስተካከያው ሰነድ አልተላከላቸውም። አምስት አባላት ተገኝተው የሦስት ድርጅቶችን የደመወዝ እርከን አነጻጽረው በአራት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ አጸደቁ። አቶ እገሌ በ10፡50 ተመለሱ።» ይኸው ነው። ነገ ለጋሽ ቢጠይቅ፣ ኦዲተር ቢመጣ፣ ይህ አንቀጽ ከማንም ንግግር ይበልጣል።

ሊቀመንበሩ አሻፈረኝ ካሉ? አይጣሉ። ሐሳብዎን በሁለት መስመር ጽፈው ከቃለ ጉባኤው ጋር እንዲያያዝ ይጠይቁ። ይህ የማንኛውም አባል መብት ነው ብዬ ነው የማምነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መጻፉ ብቻ ሐሳብ ያስቀይራል።

ፖሊሲውን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ። አሁን ስትጽፉት ለአንድ ሰው ራስ የተሰፋ ቆብ እንዳይመስል፣ የሰውየው ጉዳይ ከተዘጋ በኋላ አጽድቁት። ሁለት ሦስት ገጽ ይበቃዋል። ከሌላ ድርጅት መውሰድ ነውር የለውም፤ ግን ያንብቡት። አንድ ቦታ ሦስተኛው ገጽ ላይ የሌላ ድርጅት ስም ሳይቀየር ጸድቆ አይቻለሁ። «ቤተሰብ» የሚለውን ሲተረጉሙ የትዳር ጓደኛ፣ እጮኛ፣ ሳይጋቡ አብሮ የሚኖር፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድምና እህት፣ አማችም ይግቡ። የተፋቱትንም ያስቡ። ፍቺ ግጭቱን የሚያጠፋ የሚመስላቸው አሉ፤ አንዳንዴ ግን ያባብሰዋል፤ የቀለብ ክርክር ላይ ያለ ሰው በቀድሞ ሚስቱ ደመወዝ ላይ ድምፅ ቢሰጥ ያስቡት። ግጭት መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ባለጉዳዩ ራሱ ሳይሆን የቀሩት አባላት መሆናቸውም ይጻፍ።

የማሳወቂያ ቅጹ በየዓመቱ ይሞላል፤ ሁኔታ ሲለወጥ ደግሞ ወዲያው። ሰው ዓመቱን ጠብቆ አያገባም። አዲስ አባል ከመመረጡ በፊት ይሙላው፤ እናንተ ያለፋችሁት ይህችን ነው። መጀመሪያ ሊቀመንበሩ ይፈርሙ፤ ሌላው ይከተላል። የሚያሳውቀው የሌለው ሰውም «የለኝም» ብሎ ጽፎ ይፈርማል። ባዶውን የመለሰ ካለ ይደውሉለት።